«እሺ» ማለት «ገባኝ» ማለት ነው? ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለምትፈረመው ወረቀት

በቴሌግራም መልእክት ስትልኩ መጀመሪያ አንድ ራይት ይመጣል፤ መልእክቱ ሄዷል ማለት ነው። ሰውዬው ሲከፍተው ራይቱ ሁለት ይሆናል። ግን ሁለት ራይት አይታችሁም «ያልኩት ገብቶት ይሆን?» ብላችሁ የተጨነቃችሁበት ጊዜ አይጠፋም። ማየት ሌላ፣ መረዳት ሌላ ነዋ! «ገብቶኛል» የሚል ሦስተኛ ራይት ቴሌግራም የለውም።

ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የተዘጋጀ ሰው የሚፈርማት ወረቀትም ነገሯ እንዲሁ ነው። «የስምምነት ፎርም» ትባላለች። ታካሚው ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል ከሆነ ቀለም ነክሮ አሻራውን ያሳርፋል፣ ወረቀቷ ካርዱ ውስጥ ትገባለች፣ ሥራው ይቀጥላል። ሐኪሙም፣ ሆስፒታሉም፣ ተቆጣጣሪውም ፊርማውን ሲያዩ «ፈቃድ ተገኝቷል» ይላሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንን «ተገኝቷል» የሚለውን ቃል ነው። ክርክሬ አጭር ነው፦ ሐኪሞች ስለ ታካሚ ፈቃድ ያላቸውን ግንዛቤ እየለካን ያለነው ከተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ሐኪሙን «ታስረዳለህ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ብዙ አይገኝም። መለኪያው መቀመጥ ያለበት ታካሚው ጋ ነው፤ ከክፍሉ ሲወጣ በገዛ አፉ ምን ብሎ መናገር ይችላል?

ፈቃዱ ሁለት ግማሽ አለው

በሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠው ስም «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ» ነው። ስሙ ራሱ ሁለት ነገር ይዟል፤ መረጃ እና ፈቃድ።

ፈቃድ የሚለው ግማሽ በሀገራችን ሕግ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ላይ፣ አንድ ሰው የሕክምናም ሆነ የቀዶ ሕክምና ምርመራና ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ግዴታ የሚደረጉትን፣ ለምሳሌ ክትባትን፣ ለብቻ አስቀምጧቸዋል። መረጃ የሚለው ግማሽ ደግሞ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥርን በሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ውስጥ ገብቷል። በዚህ ደንብ መሠረት ታካሚው መስማማቱ ብቻ አይበቃም፤ የተስማማበትን ነገር ማወቅ አለበት።

በሌላው ዓለምም ሁለቱ ግማሾች አብረው አልተወለዱም። እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሁለቱን ቃላት በአንድ ላይ ያጣመረ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው ጥያቄ «ታካሚው ተስማምቷል?» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ሲስማማ ምን ያውቅ ነበር?» የሚል ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ አንድ እርምጃ ሄደ። ጉዳዩ የስኳር ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር ነው። የልጁ ትከሻ በምጥ ጊዜ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል ከ100 ወደ 9 ወይም 10 እንደሆነ ሐኪሟ ታውቃለች። ግን «ከነገርኳት በቀዶ ሕክምና ልውለድ ትላለች» ብላ አልነገረቻትም። ፍርድ ቤቱ የወሰነው፣ ምን መነገር እንዳለበት የሚመዘነው በሐኪሞች ልማድ ሳይሆን በዚያች ታካሚ ቦታ ላይ ያለ ሰው ሊያውቀው በሚፈልገው ነገር ነው።

ልብ በሉ፤ መለኪያው ከሐኪሙ ወደ ታካሚው ተዛወረ። እኛ ጋ ግን ሕጉ ቢኖርም መለኪያው እስካሁን ያለው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ምን ጉዳት እንዳለው ለማየት አንድ የታወቀ፣ ትንሽ የሚመስል ቀዶ ሕክምና እንውሰድ።

የዓይን ፀጉር

በደቡብ ጎንደር፣ ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ በአዲስ ዘመን በኩል እስከ ወረታና ፎገራ ሜዳ ድረስ፣ ትራኮማ የማያውቅ ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓይን ማዝ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ቅኝት አማራ ክልል ውስጥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ሕፃናት 63 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከ100 አዋቂዎች ደግሞ 5 ያህሉ የበሽታው መጨረሻ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዘመቻ ብዙ መድኃኒት ታድሏል፤ ግን በልጅነታቸው ደጋግሞ የያዛቸው ሰዎች ጠባሳቸውን ይዘው አርጅተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው የዓይን ቆብን የውስጥ ገጽ ደጋግሞ ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። ሲኮማተር የቆቡን ጫፍ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱም ከነፀጉሩ ይገለበጥና ኮርኒያን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የዓይን መስታወት፣ ይፍቀዋል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር መፋቅ ነው። መስታወቱ ውሎ አድሮ ይነጣል፣ ብርሃን ይጠፋል። በገጠር እናቶች አንገት ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሎ የምታዩት ይህን ፀጉር ለመንቀልም ጭምር ነው።

ቀዶ ሕክምናው የቆቡን ጫፍ ቆርጦ ወደ ውጭ ማዞርና መስፋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ በጤና ጣቢያ ወይም በዘመቻ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ፦ «የሐኪሞች ግንዛቤ» ስንል በገጠር ምላጩን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ «ዶክተር» የሚል ማዕረግ ያለው አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም ሥልጠናቸው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ለታካሚው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ጥናት ግን የሐኪም ግንዛቤ ሲል ትልልቅ ሆስፒታል ያሉትን ብቻ ከጠየቀ፣ ገበሬው የሚያገኘውን ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል።

ታዲያ ዓይኗ ላይ ፀጉር የተገለበጠባት እናት ከመፈረሟ በፊት ምን ማወቅ አለባት? ቢያንስ ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ቀዶ ሕክምናው መፋቁን ያስቆማል እንጂ የነጣውን መስታወት አይመልስም። የጠፋ ብርሃን ጠፍቷል፤ የሚተርፈው የቀረው ነው።

ሁለተኛ፣ ፀጉሩ እንደገና ሊገለበጥ ይችላል። ይህን የምለው በደፈናው አይደለም። በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ ሁለት የአቀዳደድ ዘዴዎችን ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሟል። በአንደኛው ዘዴ ቆቡ ከውስጥ በኩል ብቻ ይቆረጣል፤ በሌላው ከውጭ ቆዳው ጀምሮ ውፍረቱ በሙሉ ይቆረጣል። በዓመቱ ሲታይ ከውስጥ ከተቆረጠላቸው 100 ሰዎች 13ቱ፣ በሙሉ ከተቆረጠላቸው 100 ሰዎች ደግሞ 22ቱ ፀጉሩ ተመልሶባቸዋል። እጅም ይለያያል፤ የአንዱ ባለሙያ ታካሚዎች ከሌላው ይልቅ በብዛት ይመለስባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ፀጉሩ ጥቂት ከሆነ ሌላ ምርጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ እንዲሁ በአማራ ክልል የተሠራ ጥናት፣ ከስድስት ያነሰ ፀጉር ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ደግሞ ጥሩ ወረንጦ ሰጥቶ ሥልጠና አደረገላቸው። ፀጉሩ እንዳይበዛ በማድረግ ቀዶ ሕክምናው በልጧል። የማየት አቅማቸው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነት አላሳየም። ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ፣ የአጨዳ ጊዜ ላይ ላለች ሴት ይህ ተራ መረጃ አይደለም።

«ሊመለስ ይችላል»

አሁን አንድ ንግግር እናስብ። ምሳሌ ነው፤ ግን ጆሯችሁ የሚያውቀው ይመስለኛል።

«እማማ፣ ዓይንዎን ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንሠራልዎታለን። ማደንዘዣ እንወጋዎታለን። ትንሽ ሊደማ ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሊመለስም ይችላል። ገባዎት?»

«እሺ ልጄ። ከእግዜር በታች እናንተ ታውቃላችሁ።»

«እንግዲያው እዚህች ላይ አሻራዎን ያድርጉልኝ።»

ባለሙያው አልዋሸም። አክብሮ ተናግሯል፣ ጉዳቱን ዘርዝሯል፣ ጠይቋል፣ አስፈርሟል። በመጠይቅ ብንጠይቀው ሁሉም ሳጥን ላይ ራይት ያደርጋል፤ እውነቱንም ነው።

ግን «ሊመለስ ይችላል» የሚለውን እንየው። ምኑ ነው የሚመለሰው? አማርኛ ባለቤቱን መደበቅ ይወዳል። ነርሱ ያሰበው ፀጉሩን ነው። ለዓመታት ብርሃን የናፈቃት እናት ግን «ሊመለስ ይችላል» ስትባል ምን ልትሰማ ትችላለች? ዓይኔ! ብርሃኔ! አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም፤ ለአንዱ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌላዋ የምሥራች። ሁለቱም «እሺ» ተባብለው ተለያዩ።

ከዓመት በኋላ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ከባድ አይደለም። ብርሃኑ አልመጣም፣ ፀጉሩ መጣ። ተመልሳ ብትሄድ ሊስተካከል ይችላል፤ ግን ማን ነገራት? ለእሷ ቀዶ ሕክምናው ከሽፏል። ወደ ወረንጦዋ ትመለሳለች፣ ለጎረቤቷም «አትሂጂ፣ እኔን አይተሽ» ትላለች። አንድ ግልጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ዓይን ሊያስከፍል ይችላል። የታካሚ ፈቃድን «የሕግ ሰዎች ጉዳይ» ወይም «የፈረንጅ ቅንጦት» የሚሉ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። መረዳት የሕክምናው አካል ነው፤ ክትትሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና።

ከተሳሳተ ቦታ የተተከሉ ሦስት መለኪያዎች

በፎገራ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ከርብ ወይም ከጉማራ ወንዝ በሞተር ፓምፕ ውሃ ይስባል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ «ማሳዬ ጠጥቷል» የሚል ገበሬ ግን የለም። ሄዶ የቦዩን ጫፍ ያያል። በመሐንዲስ ቋንቋ፣ መለኪያ የሚተከለው ውጤቱ በሚታይበት ጫፍ ላይ ነው። እኛ ግን ፈቃድን የምንለካው ሞተሩ ጋ ቆመን ነው። ሦስቱን መለኪያዎች በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ፎርሙ ነው። ፊርማ ለፎገራ ገበሬ ምንድን ነው? የማዳበሪያ ብድር ነው፣ የመሬት ደብተር ነው፣ ዋስትና ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። ባጭሩ፣ የፈረመ ሰው ዕዳ አለበት። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወረቀት ሲሰጡት «ብሞት ጠያቂ እንዳይኖረኝ» ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ይህ ትርጉም ስህተት ነው፤ ፊርማ የሕክምና ቸልተኝነትን ሕጋዊ አያደርግም። የሚያሳዝነው ግን አንዳንድ ባለሙያዎችም ወረቀቷን እንደዚያው፣ እንደ ጃንጥላ፣ መያዛቸው ነው። ታካሚውም ሐኪሙም ወረቀቷ የሆስፒታሉ መከላከያ ናት ብለው ካመኑ፣ መረጃ የሚለው ግማሽ ባለቤት አልባ ይቀራል።

ሁለተኛው የማረጋገጫ ዝርዝር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ዝርዝር ትልቅ ሥራ ነው። በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱ ታካሚዎች ከ100 ከ1.5 ወደ 0.8 ወርደዋል። ይህን ማቃለል አይቻልም። ግን የመጀመሪያዋን ነጥብ ተመልከቱ፤ ታካሚው ማንነቱን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት እና ፈቃዱን አረጋግጧል ወይ ትላለች። አራት ነገር፣ አንድ ራይት! «ስምዎ ማነው?» እና «ምን እንደሚጠብቅዎ ያውቃሉ?» በክብደት እኩል ሆነው አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። ዝርዝሩ የተሠራው በዋናነት የተሳሳተ ሰው ወይም የተሳሳተ ጎን እንዳይቀደድ ነው፤ ለዚያ ይሠራል። እኛ ግን ያችን ራይት የመረዳት ማስረጃ አድርገን ልንወስዳት አይገባም።

ሦስተኛው ጥናቱ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ፣ የተመራማሪዎቹ፣ ጉድለት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ የተለመደው ጥናት «እውቀት፣ አመለካከት እና ተግባር» የሚባለው መጠይቅ ነው። ሐኪሙ ወረቀት ይሰጠዋል። «ስለ ቀዶ ሕክምናው ጉዳት ለታካሚ ያስረዳሉ?» ይባላል፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በፍጹም። ተማሪን «ታጠናለህ?» ብሎ ጠይቆ ውጤቱን እንደመገመት ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ ሰው ትክክለኛውን መልስ ይሞላል። እንዲህ ያለው ጥናት ሐኪሙ መመሪያውን ማወቁን ሊነግረን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። ከላይ ያየነው ነርስ እኮ በዚህ ፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

«እሺ» የገደለበት ቀን

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977፣ በቴነሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጉም ውስጥ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቃል ነበር። አንደኛው አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ መሆኑን የሚጠቁም ግልጽ ያልሆነ መልእክት ላከ። የመቆጣጠሪያ ማማው «ኦኬ» ብሎ ጀመረ፤ ቀጥሎ የተናገረው «ጠብቅ» የሚለው በሬዲዮ መደራረብ ምክንያት በደንብ አልተሰማም። አንዱ «ቆሟል» ብሎ አሰበ፣ ሌላው «ተፈቅዶልኛል» ብሎ አሰበ።

ከዚያ በኋላ አቪዬሽን የንግግር ሕጉን አጠበቀ። ወሳኝ ትእዛዝ ሲሰጥ «ኦኬ» በቂ መልስ አይደለም፤ ተቀባዩ የሰማውን መልሶ መናገር አለበት፣ ላኪው ደግሞ የሚለውን ሰምቶ ያርመዋል። ምልልሱ ሲዘጋ ብቻ መልእክቱ ደረሰ ይባላል።

በሕክምናም ይኸው ዘዴ አለ፤ መልሶ ማስነገር። «ገባዎት?» አይባልም። በእኛ ባህል «ገባዎት?» ለሚል ወጣት ባለሙያ «አልገባኝም» ማለት ሰውዬውን ማሳፈር ነው፤ ራስንም ማሳፈር ነው። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» ነው። በምትኩ፦ «እማማ፣ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ። እቤት ሲገቡ ልጅዎ ምን ሊያደርጉልሽ ነው ቢልዎ ምን ይሉታል?» ፈተናው ከእሷ ወደ ነርሱ ዞረ። እሷም «ዓይኔ ሊመለስ ይችላል ብለውኛል» ካለች፣ ስህተቱ ምላጩ ሳይነሳ ተያዘ።

ይህን ዘዴ ተአምር ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተሠራ የቀዶ ሕክምና ጥናት ታትሞ ነበር። ታካሚዎች መልሰው እንዲናገሩ ሲደረግ የመረዳት ነጥባቸው ከ68 በመቶ ወደ 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያደገው። ትንሽ ነው። ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ጥናቱ የለካው ትክክለኛውን ቦታ፣ የታካሚውን አእምሮ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መሆኑን እንኳ ልናውቅ ቻልን። ሁለተኛ፣ ከ100 ወደ 30 ነጥብ የሚጠጋ ነገር አሁንም አለመግባቱን አሳየን። ፎርም ላይ ያለ ፊርማ ሁልጊዜ 100 ከ100 ነው የሚያሳየው።

«ጊዜ የለም፣ ይፈራሉ፣ አይገባቸውም»

ሦስት ተቃውሞዎች ሁልጊዜ ይነሳሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

«ጊዜ የለም» የሚለው እውነት አለው። በዘመቻ ቀን ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። ግን እናስላ፦ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ቢጨመር፣ በቀን 15 ሰው ቢሠራ 45 ደቂቃ ነው። የተገለበጠ ፀጉር ተመልሶ ሲመጣና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ የሚጠፋው ጊዜስ? ደግሞም ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች በጋራ ማስረዳትና ለብቻ መልሶ ማስነገር ይቻላል። እየደማች ለመጣች ወላድ ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ግን ሌላ ሕግ ነው፤ ድንገተኛ ሕክምና ፎርም አይጠብቅም። ያ ልዩ ሁኔታ ግን ቀጠሮ ተይዞለት የሚሠራውን ሕክምና ሊሸፍን አይችልም።

«ጉዳቱን ከነገርናቸው ፈርተው ይሄዳሉ» የሚለው ከሁሉም ይከብዳል፤ ከደግ ልብ የመጣ ነውና። የሞንትጎመሪዋም ሐኪም ያሰበችው ይህንኑ ነው። አባባላችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ? ፍርሃት የሚቀንሰው በቁጥር አነጋገር እንጂ በዝምታ አይደለም። «ሊመለስ ይችላል» ከማለት «እንደ እርስዎ ያሉ 100 ሰዎች ቢሠራላቸው በዓመቱ ከ78 እስከ 87ቱ ደህና ናቸው፣ ከ13 እስከ 22ቱ ፀጉሩ ይመለስባቸዋል፤ ከተመለሰብዎ ግን ይምጡ፣ እናስተካክለዋለን» ማለት ይሻላል። ስለ አደጋ አነጋገር ብዙ የጻፈው ጌርድ ጊገረንዘር የሚያስተምረውም፣ ሰው «በመቶኛ» ከሚባል ይልቅ «ከመቶ ሰው ይህን ያህሉ» ሲባል በተሻለ እንደሚረዳ ነው።

«ገበሬው አይገባውም» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። የፎገራ ገበሬ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን የሚያጥለቀልቁበትን ዓመት እያሰበ ሩዝ የሚዘራ ሰው ነው። ኤክስ ጂግና ልዝራ ወይስ አዲሱን ዝርያ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ምርቱን፣ ገለባውን፣ ጎርፉን፣ ብድሩን አንድ ላይ ይመዝናል። ይህ እኮ በእርግጠኝነት በማይታወቅ ነገር ላይ መወሰን ነው፤ ፕሮባብሊቲ ማለት ሌላ ምን ነው? አስቸጋሪው አደጋን መመዘን አይደለም፤ መረጃው በሚመዘን መልክ አለመምጣቱ ነው።

ስለ ማስታወስም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የታወቀ ጽሑፍ እንደሚለው ሰዎች ሐኪም ከነገራቸው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው ይረሱታል። ይህ የተጻፈው ስለ ተማረው ዓለም ነው። ስለዚህ መርሳት የገጠር ሰው ጠባይ አይደለም፤ የሰው ልጅ አእምሮ አሠራር ነው። ካላመናችሁ ዛሬ ማታ ለጓደኛችሁ ስምንት ነገር አከታትላችሁ ንገሩትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይቁጠርላችሁ።

ለዚህም ነው አስታማሚን ከክፍል ማስወጣት ብልህነት የማይሆነው። የባል ወይም የወንድ ልጅ ፊርማ የእሷን ፈቃድ አይተካም፤ ዓይኑ የእሷ ነው። ግን አብሮ የሰማ ዘመድ ሁለተኛ የማስታወሻ ደብተር ነው። በእኛ አካባቢ ውሳኔ በቤተሰብ ምክር እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን ይጠቀምበታል እንጂ አይሸሸውም።

መለኪያውን የት እንትከል?

ለተመራማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሐኪሙን መጠየቅ አይቅር፤ ግን ከእያንዳንዱ ሐኪም ጎን የሦስት ወይም የአራት ታካሚዎቹ መልስ ይቀመጥ። ምን ሊደረግልዎ ነው? ምን አያደርግልዎትም? ከተመለሰ ምን ያደርጋሉ? ሌላ ምርጫ ነበር? ሐኪሙ «አስረድቻለሁ» ባለውና ታካሚው በደገመው መካከል ያለው ርቀት፣ እሱ ነው የሐኪሙ ግንዛቤ ትክክለኛ ልክ። ለጤና ጣቢያዎችም ፎርሙ ላይ አንድ ባዶ መስመር ይጨመር፤ «ታካሚዋ በራሷ ቃል የተናገረችው» የሚል። ያቺ መስመር ባዶ ከሆነች ፊርማው አይበቃም።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ አብዛኛዎቻችሁ ሐኪም አይደላችሁም፤ ግን አንድ ቀን አያታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ወረቀቷን ለማስፈረም አትቸኩሉ። እነዚያን አራት ጥያቄዎች እናንተው ጠይቁ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞር ብላችሁ «ምን አሉን?» በሉ። የሚመልሱላችሁ ነገር ነርሱ ከተናገረው ጋር ካልገጠመ፣ አሁንም ሳትፈሩ ነርሱን አንዴ እንዲደግመው ጠይቁት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።